ለፒክአፕ ትልቅ ጎማና ቸርኬ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ሥራዬ ደብረ ማርቆስ ላይ ጎማ መቀየርና መጠገን ነው። ግንቦት ገብቶ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ባለ ፒክአፕ ሁሉ ጎማ ማሰብ ይጀምራል። የቢቸናው ስለ መረሬው ጭቃ ያስባል፣ ከጮቄ ሥር የሚመላለሰው ስለ ዳገቱ፣ የከተማው ደግሞ ስለ መኪናው ግርማ። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፦ «ከፋብሪካው የሚበልጥ ጎማ ይገባለታል?» አብዛኛውን ጊዜ ይገባል። ከገባ በኋላ የሚመጣውን ጣጣ ስለማየው ነው ይህን የምጽፈው። ምሳሌ የማደርገው ባለ 17 ቸርኬ ሀይሉክስን ነው፤ እኛ ጋ የበዛው እሱ ነውና። ዲማክስ ወይም ኤል 200 የያዘም በራሱ ቁጥር ያስላው፤ ስሌቱ ያው ነው።

ቸርኬ ሲያድግ መኪናው ከፍ ይላል ብሎ ማሰብ

ይህን በአፌ ተናግሬ ጨርሻለሁ፣ አሁን በጽሑፍ ልናገረው። ትልቅ ቸርኬና ትልቅ ጎማ ለየቅል ናቸው።

የሀይሉክሱ ጎማ ጎን ላይ 265/65 አር 17 ተጽፏል እንበል። 265 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው። 65 ደግሞ የጎኑ ከፍታ ከወርዱ 65 በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ ሲሰላ 172 ሚሊሜትር ይመጣል። 17 ቸርኬው ነው፣ በኢንች። የቸርኬውን 432 ሚሊሜትር ከላይና ከታች ካለው የጎማ ጎን ጋር ደምሩት፦ 776 ሚሊሜትር። ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ ያለው ቁመት ይህ ነው።

አሁን ባለቤቱ አዲስ አበባ ሄዶ ከሶማሌ ተራ የሚያብለጨልጭ ባለ 20 ቸርኬ ይገዛል። አብሮ የሚመጣው ጎማ 265/50 አር 20 ነው። ያንኑ ስሌት ሥሩ። ጎኑ 132 ሚሊሜትር ተኩል፣ ጠቅላላ ቁመቱ 773። ሰውየው ያን ሁሉ ብር አውጥቶ መኪናውን በአንድ ሚሊሜትር ተኩል ዝቅ አደረገው! ቸርኬው ሲያድግ ጎማው ሳሳ እንጂ ከመሬት አልራቀም። የጠፋው 40 ሚሊሜትር የጎማ ጎን ነው፤ ድንጋይ ላይ ሲወጣ የሚታጠፈው፣ ጉድጓድ ሲገባ ምቱን የሚውጠው፣ ቸርኬውን የሚያድነው ያ ጎን ነው።

ባለፈው ክረምት በሞጣ በኩል የመጣ አንድ ፒክአፕ እንዲህ ያለውን ጎማ ይዞልኝ መጣ። ከውጭ ሲታይ ጎኑ ላይ እንቁላል የምታክል እብጠት አለች። አውልቄ ውስጡን ስገለብጠው ሁለት ትይዩ ቁርጥ መስመሮች አገኘሁ፣ በመሃላቸው ሁለት ጣት የማይሞላ ክፍተት። አንዱን የቆረጠው ከታች የመጣው ድንጋይ ነው፤ ሌላውን የቆረጠው ከላይ የወረደው የቸርኬው ከንፈር ነው። ጎኑ አጭር ስለሆነ የሚታጠፍበት ቦታ አጥቶ በሁለቱ መሃል ተፈጨ። ቸርኬውን ሳየው ከንፈሩ ወደ ውስጥ ተጣሟል፤ የሳሙና ውሃ ስቀባው ከዚያው ቦታ አረፋ ይወጣል። የብረት ቸርኬ ቢሆን በመዶሻ እመልሰው ነበር። የአልሙኒየሙ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ቸርኬ አስበይዶ ጭነት መጫን ደግሞ በሕይወት መጫወት ነው። ሾፌሩ ሞጣ ላይ ባለ 20 ጎማ ጠይቆ አጥቶ ነው ንፋስ እያስሞላ እኔ ጋ የደረሰው። ባለ 16ና ባለ 17 ቢሆን እዚያው አግኝቶ መንገዱን ይቀጥል ነበር።

ወንድሞቼ፣ የምትሠሩት በጠጠርና በጭቃ መንገድ ከሆነ ቸርኬውን ባለበት ተዉትና የጎማውን ጎን አሳድጉ። ባለ 17 ቸርኬ ላይ 265/70 ብታደርጉ ቁመቱ 803 ሚሊሜትር ይሆናል። 285/70 ብታደርጉ 831። ከፍታ ማለት ይኼ ነው።

እዚህም ላይ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች፦ ከ776 ወደ 831 መውጣት 55 ሚሊሜትር ከፍታ አይሰጥም። ከመሬት የሚያርቃችሁ የልዩነቱ ግማሽ ነው፣ 27 ሚሊሜትር ገደማ፤ ሌላው ግማሽ ከአክሱ በላይ ነው ያለው።

ሁለቱን ብቻ መቀየር

አንድ የእህል ነጋዴ አዛውንት መጥተው የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች ብቻ በትልልቅ እንዲቀየሩላቸው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ኋላው ነው፤ ፊቱ ባለበት ይቆይ» አሉኝ።

«አባባ፣ ፎር ዊል ያስገባሉ?»

«ክረምት ላይ ያለሱ እንዴት ይወጣል?»

እንግዲህ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ሀይሉክስ ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። ከፊት 776፣ ከኋላ 831 ከሆነ የኋላው ጎማ በአንድ ዙር 17 ሳንቲሜትር ያህል ከፊቱ ይበልጥ ይሄዳል። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያካክሰዋል። ጠጠር ወይም አስፋልት ሲነካ ግን መንሸራተቻ ስለሌለው ጉልበቱ ሁሉ ማርሽ ጥርሶቹ ላይ ይጠመዘዛል። መጀመሪያ የሚታየው ምልክት የፎር ዊሉ ማርሽ አልወጣ ማለቱ ነው። ሾፌሩ ይታገለዋል፣ ወደ ኋላ ነድቶ ያላቅቀዋል፣ ነገም ይደግመዋል። አዛውንቱ ሰምተውኝ ብር እስኪሞላላቸው ጠብቀው አራቱንም ቀየሩ። ሌላው ያልሰማኝ ደግሞ መካኒክ ጋ ሲያስከፍተው ከዘይቱ ጋር የጥርስ ስብርባሪ ወጣ። የዚያ ጥገና አራት አዲስ ጎማ ይገዛ ነበር።

ስኮርታውም በዚሁ ሕግ ውስጥ ነው። አምስተኛውን አብራችሁ ካልገዛችሁ ጎማ በፈነዳ ቀን ትንሹን ከትልልቆቹ ጋር አስራችሁ ትነዳላችሁ። ከገዛችሁም ከሥር የሚታሰርበት ቦታ ይበቃው እንደሆነ ለኩ።

የክብደት ቁጥሩን አለማንበብ

ከመጠኑ ቀጥሎ የምትመጣዋን ቁጥር ማንም አያያትም። 265/65 አር 17 ካለ በኋላ 112 ኤስ ይላል። 112 ማለት ያ አንድ ጎማ በሚገባው ንፋስ ሲሞላ 1120 ኪሎግራም ይሸከማል ማለት ነው። ኤስ ደግሞ የፍጥነት ጣሪያው ነው፣ በሰዓት 180 ኪሎሜትር፤ እሱ እኛን ብዙም አያስጨንቀንም። ቅድም ያነሳሁት ባለ 20 ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ የማየው 107 ነው፣ ማለትም 975 ኪሎግራም። ከኋላ ሁለት ጎማ ስላለ ልዩነቱ 290 ኪሎግራም ይሆናል። ለቢቸና ሰው ይህ ሦስት ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። መኪናው ትልቅ መሰለ፣ አቅሙ ግን አነሰ። ከፋብሪካው ቁጥር በታች አትውረዱ፤ ጭነት የምትጭኑ ከሆነ የጭነት መኪና ጎማ መሆኑን የሚናገረውን ኤልቲ የተጻፈበትን ወይም ከመጠኑ መጨረሻ ሲ ያለበትን ፈልጉ።

ዓባይን መርሳት

ጎጃም ውስጥ መኪና ይዞ አንድ ቀን ዓባይን የማይሻገር የለም። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ቁልቁለቱም ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጎማችሁ ከ776 ወደ 831 ካደገ በ7 በመቶ አድጓል። ያ 7 በመቶ ቁልቁለት ላይ ሁለት ጊዜ ያስከፍላችኋል። ፍሬኑ ያንኑ መኪና ለማቆም ያንኑ ያህል የበለጠ ጉልበት ማውጣት አለበት፤ ትልቁ ጎማ ከባድ ስለሆነ ደግሞ ይጨምርበታል። ሞተሩም መያዝ ይቀንሳል፦ በሁለተኛ ማርሽ ስትወርዱ ይይዛችሁ የነበረው መኪና አሁን በሁለተኛ ማርሽ ይሮጣል። ሰው ይህን ሳያውቅ እንደለመደው ይወርዳል፣ መኪናው ሲፈጥንበት ፍሬን ይረግጣል፣ ይረግጣል። የፍሬኑ ታንቡሮ እሳት ጠጥቶ ሰማያዊ ሆኖ ያየሁት መኪና ባለቤት «ድልድዩ ጋ ስደርስ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ» ነበር ያለኝ። እግዚአብሔር ነው ያተረፈው።

ስለዚህ ዓባይን የምትመላለሱ ከሆነ ጭማሪው በ3 በመቶ አካባቢ ይብቃ፤ 265/70 አር 17 እዚያው ላይ ነው። ከዚያ ያለፈ ያስገባ ሰው ከደጀን ቁልቁል ከመጀመሩ በፊት ከለመደው አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጎ ይጀምር። ዳገቱን ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣም በጭነት አንድ ማርሽ ዝቅ እንደሚል ይወቀው። የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል፤ 80 ሲል እውነቱ 85 አልፏል።

ለጭቃ ሰፊ ጎማ ይሻላል ማለት

ሁልጊዜ አይሻልም። ላዩ ጭቃ ሆኖ ሥሩ ጠጣር በሆነ መንገድ ላይ ጠበብ ያለው ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ጠጣሩን ያገኛል፤ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ይንሸራተታል። መረሬ ላይ ደግሞ ከወርዱ ይልቅ ጥርሱን እዩ። ጥርሱ የተቀራረበ ጎማ ጥቁር አፈር ሲሞላበት ልሙጥ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ 265 ሆነ 285 ልዩነት የለውም። የምትነዱት አብዛኛውን አስፋልት ከሆነ የጭቃ ጎማ አትግዙ። ይጮሃል፣ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ያልቃል። መካከለኛው ኦል ቴሬይን ይበቃችኋል።

የተመረተበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ማንበብ

ይህ የብዙ ሰው ገንዘብ በልቷል። ጎማው ላይ ዲኦቲ የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ፤ ከእነሱ ጀምሮ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ ይገኛል። 2216 ካለ በ2016 በ22ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፣ ግን በፈረንጆች። በእኛ ግንቦት 2008 ነው። ሻጩ «የ16 ነው፣ አዲስ ነው» ሲል ገዢው የራሱን 2016 እያሰበ ይከፍላል፣ ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባው ግን ስምንት ዓመት የሚቀድመውን ጎማ ነው። ሳይነዳም የተቀመጠ ጎማ ያረጃል፤ ከአምስት ዓመት ወዲያ በየዓመቱ መመርመር፣ አሥር ከሞላው ጥርሱ ቢኖርም መጣል አለበት። ጎኑን በጥፍራችሁ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ስትጫኑት ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከከፈተ ዋጋ አትጠይቁ። አራቱ አኃዝ አንዱ ጎን ላይ ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ካላገኛችሁት ጎማውን አስገልብጡት።

ስድስት ቡሎን ካለው ይገባል ማለት

የሀይሉክስም የኤል 200ም ቸርኬ ስድስት ቡሎን ነው፣ ቡሎኖቹ የሚዞሩበት ክብም 139.7 ሚሊሜትር ነው፣ እኩል። መሃሉ ግን ይለያል። የሀይሉክሱ ቀዳዳ 106 ሚሊሜትር፣ የኤል 200ው 67 ነው። የኤል 200ውን ሀይሉክስ ላይ ለማስገባት ቶርኖ ቤት ወስደው መሃሉን የሚያስሰፉ አሉ። ዙሪያውን ሁለት ሳንቲሜትር የሚጠጋ ብረት ተፍቆ የወጣበትን ቸርኬ እኔ አላስርም፤ ሌላ ቤት ይሂዱ። የናቫራ ደግሞ ስድስት ቢሆንም ክቡ 114.3 ነው፣ ጨርሶ አይገባም።

ቸርኬው ጀርባ ላይ ኢቲ ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥርም እዩ። ፋብሪካው ኢቲ 30 አድርጎት እናንተ ኢቲ 0 ብትገዙ ጎማው 3 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ቆሞ ሲታይ ያምራል። ኩሽኔታው ግን ጭነቱን ያለ ቦታው መሸከም ይጀምራል፣ መሪውም ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እጅ ላይ ይመታል። ቸርኬውን ወደ ውጭ ለመግፋት ከጀርባው የሚገባው ቶርኖ ቤት የተቆረጠ ስፔሰርም ያው ችግር ነው፣ ሲደመር የመላቀቅ አደጋ።

ባዶ መኪና ላይ መሞከር

ጎማው ይገባ እንደሆነ ግቢ ውስጥ ባዶውን አዙሮ ማየት ምንም አይነግራችሁም። ጫኑት፣ አንድ የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ አውጡት፣ ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው በሁለቱም በኩል ጠምዝዙት። ፓራፋንጎውን ወይም የፍሬን ዘይት ጎማውን ከነካ እዚያው ይታወቅ።

ንፋስ ስትሞሉ ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አትከተሉ፤ እሱ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ወረቀት ለፋብሪካው መጠን የተጻፈ ነው፤ መጠን ስትቀይሩ ከእሱ ተነስታችሁ ከጎሚስታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ከዓባይ ሥር የደረሰ የጋለ ጎማ ንፋሱ በዝቶ ቢታይ አታስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

የመጨረሻው ዳዶ ነው። የቶዮታ ፋብሪካ የአልሙኒየም ቸርኬ ዳዶ ሥሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ሮንዴላ አለው። ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። የድሮውን ዳዶ በአዲሱ ቸርኬ ላይ ካሰራችሁ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልተቀመጠም። ትክክለኛውን ገዝታችሁም ቢሆን አዲስ ቸርኬ በመጀመሪያው ጉዞ ይላላልና ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ባለው ውስጥ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁ። ከባሕር ዳር የተነሳ ዳንግላ ላይ ይቁም። ከእኔ ጋ አስገብቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ደግሞ ደጀን ላይ፣ ቁልቁለቱን ሳይጀምር፣ ቸርኬው ቀዝቀዝ ብሎ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል ስድስቱንም በየተራ።