ክረምት ሳይገባ የመስኖ ሞተራችሁን እንዲህ አስቀምጡት

ኮምቦልቻ ዙሪያ ከቦርከና ወንዝ ውሃ እየሳብን ሽንኩርትና ቲማቲም የምናለማ ሰዎች ሰኔ ሲያልቅ የምናደርገው አንድ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ሞተሩን ከወንዝ ዳር አንስተን ጓዳ ጥግ እንወሽቀዋለን። ጥቅምት ላይ ገመዱን ብንስብ፣ ብንስብ፣ አልነሳም ይላል። እኔም ደርሶብኛል። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሲፈታ ታችኛው ጽዋ ውስጥ ሙጫ የመሰለ ቡናማ ነገር ጋግሯል፤ ቤንዚን የሚያልፍባት፣ መርፌ በግድ የምታስገባ ቀዳዳ ድፍን ብላለች። የጎዳው ዝናቡ አልነበረም፣ ውስጡ የከረመው ቤንዚን ነው። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ይተንና የቀረው ይወፍራል።

መጀመሪያ የቦርከናን ደለል ከሆዱ አውጡለት። በርሜል ንጹህ ውሃ ሙሉና መሳቢያውን ቱቦ ንከሩት፣ ፓምፑንም ውሃ አጠጡት (ሆዱን በውሃ ሙሉት)፣ ከዚያ ደጅ ላይ አስነሱት፤ ቤት ውስጥ ግን በፍጹም፣ ጭሱ ይገድላል። የሚወጣው ውሃ ሲጠራ ሞተሩ እየሠራ የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉ። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ጨርሶ በራሱ ይጠፋል። እስኪጠፋ ድረስ ፓምፑ ውሃ እንዳያጣ አደራ! ውሃ እንዳያፈስ የሚያግደውን ማሸጊያ («ሲል» የሚሉትን) የሚያቀዘቅዘው ራሱ ውሃው ስለሆነ፣ በደረቁ ከሠራ ወዲያው ይቃጠላል።

ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጥ የቀረውን ቤንዚን በጄሪካን ቅዱና ለባጃጅ ወይም ለሞተር ሳይክል ተጠቀሙበት። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ቡሎን ላላ ስታደርጉ የመጨረሻዋ ጠብታ ትወርዳለች።

ዘይቱን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ለውጡ፣ ትኩስ ሲሆን ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ከ5 እስከ 6.5 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ትንንሾቹ ሞተሮች አብዛኞቹ ወደ 0.6 ሊትር ይይዛሉ። አሮጌውን ማሳም ወንዝም ውስጥ አትድፉት።

ከዚያ ቤንዚኑን የምትለኩሰውን ካንዴላ ፍቱና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹህ ዘይት ጨምሩ። ገመዱን ቀስ አድርጋችሁ ሦስት አራት ጊዜ ሳቡ፤ ዘይቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ቀብቶ ከዝገት ይጠብቀዋል። ካንዴላውን መልሳችሁ እሰሩ። አሁንም ገመዱን በዝግታ ሳቡና እጃችሁ ላይ ሲከብድ እዚያው አቁሙ። ያኔ ቫልቮቹ ዝግ ናቸው፣ እርጥብ አየር አይገባም።

የፓምፑን ውሃ ከሥሩ ባለው መክፈቻ አፍስሱ። ክዳኑን አትመልሱት። በሲባጎ እጀታው ላይ እሰሩት፤ እኔ እንዲህ ከጀመርኩ ወዲህ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ጣውላ ላይ በቁሙ አስቀምጡት። ካጋደለ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል። ላስቲክ አታልብሱት፣ ውስጡ ያልበዋል፤ ጆንያ ይበቃዋል። ደሴ የምታስቀምጡ ደግሞ፣ ከተማዋ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ብርዱና ጭጋጉ ሌላ ነው፣ የሚታዩትን ብረቶች በሙሉ በዘይት ጨርቅ እሹ። ማድቤት ውስጥ እሳት አጠገብ ግን አይሆንም። ቱቦውን ሰፋ አድርጋችሁ ጠቅልሉና አይጥ የማይደርስበት ቦታ ስቀሉ።

ጥቅምት ላይ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ አዲስ ቤንዚን ጨምራችሁ፣ ፓምፑን ውሃ አጠጥታችሁ ሳቡ። መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ ቢያወጣ አትደንግጡ፣ በካንዴላው ቀዳዳ የጨመራችሁት ዘይት እየነደደ ነው፤ ብዙ ሳይቆይ ይጠራል።