በትክክለኛ ልክ ለሚሠሩ የአሉሚኒየም ክፍሎች ቅይጥንና የገጽ ሽፋንን አብሮ መምረጥ

የአሉሚኒየም ክፍል በማሽን የሚያሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ቅይጡን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ልኮቹን በስዕሉ ላይ ያሰፍራል፣ የገጽ ሽፋኑን ግን በኋላ ይታያል ብሎ ያቆየዋል። በዚህ ቅደም ተከተል ብዙ ጥሩ ሥራ ይበላሻል፤ ሽፋኑ ራሱ ልክ ይለውጣልና፣ የትኛው ሽፋን በደንብ እንደሚይዝ የሚወስነውም ቅይጡ ነውና። ስለዚህ ሁለቱም ስዕሉ ከመጠናቀቁ በፊት አብረው ሊወሰኑ ይገባል።

በቅድሚያ ክፍሉ የሚሸከመውን ጭነት ይለዩ፤ እዚህ ላይ ጥንካሬንና ግትርነትን መለየት ግድ ነው። 6061-ቲ6 (የመጀመሪያው ቁጥር ቅይጡን፣ ‘ቲ6’ የሙቀት ሕክምናውን ያመለክታል) ላይመለስ መታጠፍ የሚጀምረው 276 ሜጋፓስካል አካባቢ ሲሆን፣ 7075-ቲ6 ግን እስከ 500 ሜጋፓስካል ገደማ ይቋቋማል። ይሁንና ከዚያ ወሰን በታች ባለ እኩል ጭነት ሁለቱም የሚጎብጡት እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ የተለመዱት የአሉሚኒየም ቅይጦች የግትርነት መጠን ሁሉ 70 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው። ክፍሉ የሚያስቸግረው እየጎበጠ ወይም እየተንቀጠቀጠ ከሆነ፣ መፍትሔው ግድግዳውን ማወፈር ወይም ደጋፊ ጎድን መጨመር እንጂ ውድ ቅይጥ መግዛት አይደለም።

ለየት ያለ ምክንያት ከሌለ ምርጫው ከ6061 ይጀምር። ማግኒዥየምና ሲልከን ያለበት ይህ ቅይጥ በደንብ ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ አኖዳይዝም (በኤሌክትሪክ የሚበቅል የኦክሳይድ ሽፋን) በጥሩ ሁኔታ ይይዛል፤ ሆኖም በብየዳው ዙሪያ ያለው ክፍል በሙቀቱ ምክንያት ጥንካሬውን በእጅጉ እንደሚያጣ አይዘንጉ። ዚንክ የበዛበት 7075 ትልቅ ጭነት ላለበት ቦታ ተገቢ ነው፤ ግን በተለመደው ብየዳ ይሰነጠቃል፣ በቲ6 ሁኔታውም ጫናና እርጥበት አንድ ላይ ሲያገኙት ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ጥቂት ጥንካሬ ሠውቶ ቲ73 በሚባለው የሙቀት ሕክምና ማዘዝ ይሻላል። መዳብ ያለበት 2024 ተደጋጋሚ ጭነትን በደንብ ይችላል፣ ዝገት ግን ቶሎ ያጠቃዋል። ለባሕር ውኃ ከተጋለጠ 5083 የተሻለ ነው።

ከቅይጡ ቁጥር እኩል ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ቀጥሎ የሚጻፈው የሙቀት ሕክምና ምልክት ነው። ከወፍራም ጠፍጣፋ ጥሬ ዕቃ አንድ ወገኑ ብቻ በጥልቀት የተፈለፈለ ክፍል በሞርሳ ተጠርንፎ እያለ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ሞርሳው ሲላላ ግን ጫፎቹ ቀና ይላሉ፣ የተለካውም ልክ ሁሉ ይዛባል። ብረቱ ሲጠነክር በድንገት በመቀዝቀዙ በውስጡ የታሰረ ጫና ስላለ ነው። ቲ651 የሚል ምልክት ያለው ጠፍጣፋ ከሙቀት ሕክምናው በኋላ ከ1.5 እስከ 3 በመቶ ተለጥጦ ይህ ጫና እንዲቀንስ የተደረገ ነው፤ ለትክክለኛ ሥራ እርሱን ይዘዙ። ያም ሆኖ ሁለቱንም ወገን በየተራ በሸካራው መቁረጥ፣ ጥቂት ትርፍ መተው፣ ክፍሉን ከሞርሳው አላልቶ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ከዚያም ሳያጠብቁ ይዞ በስሱ መጨረስ ያስፈልጋል። ልኬቱም ክፍሉ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን፤ 100 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 0.023 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል።

ወደ ሽፋኑ ስንመጣ፣ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው አኖዳይዝ ነው፤ እንደ ቀለም ከላይ የሚቀባ ሳይሆን ከራሱ ከአሉሚኒየሙ የሚበቅል ኦክሳይድ ነውና። ፒን የሚገባበትን 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እንመልከት። ኤች7 በሚባለው መደበኛ የቀዳዳ ልክ ወሰን ከ10.000 እስከ 10.015 ሚሊ ሜትር ይፈቀድለታል። 50 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ውፍረት ያለው ጠንካራ አኖዳይዝ ግማሹ ያህል ወደ ብረቱ ይገባል፣ ግማሹ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ስለዚህ ቀዳዳው በእያንዳንዱ ወገን 25፣ በዲያሜትሩ 50 ማይክሮን ይጠባል። ከማሽን ሲወርድ 10.010 የነበረው ከሽፋን በኋላ 9.960 ይሆናል፣ ፒኑም አይገባም። በብሎን ጥርስ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ በ60 ዲግሪ ጥርስ አማካይ ዲያሜትሩ (በጥርሱ ጎኖች መካከል የሚለካው) የሚለወጠው በአንድ ገጽ ላይ ከተጨመረው ውፍረት አራት እጥፍ ነው። መውጫው ሦስት ነው፦ ቀዳዳውን አስቀድሞ ማስፋት፣ በውታፍ ደፍኖ ሽፋን እንዳይነካው ማድረግ፣ ወይም ከሽፋን በኋላ እንደገና ማረም። ለጥርስና ለኩሽኔታ መቀመጫ እኔ መድፈኑን እመርጣለሁ።

ስለታም ጠርዝ ላይም ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ለ50 ማይክሮን ሽፋን ጠርዙን ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ራዲየስ ማዞር ይመከራል። አኖዳይዝ ጭረትንም አይደብቅም፤ እንዲያውም አጉልቶ ሊያሳየው ስለሚችል፣ መልክ ለሚፈለግበት ገጽ አስቀድሞ በደቃቅ የመስታወት ቅንጣት ማስነፋት ይጠቅማል።

አኖዳይዝ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ክፍሉ የምድር መስመር የሚያያዝበት ከሆነ ወይም ልኩ ጨርሶ እንዳይለወጥ ከተፈለገ ስስ የክሮሜት ሽፋን (በኬሚካል የሚሠራ፣ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ) ይሻላል፣ ፍትጊያን ግን አይችልም። በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሳይቀር እኩል ውፍረት የሚፈለግ ከሆነ ያለ ኤሌክትሪክ የሚለበጥ ኒኬል አለ።

በስዕሉ ላይ ቅይጡን ከነሙቀት ሕክምናው፣ የሽፋኑን ዓይነትና ውፍረት፣ የሚደፈኑትን ቦታዎች፣ እንዲሁም ልኮቹ ከሽፋን በፊት ይሁኑ ከሽፋን በኋላ በግልጽ ይጻፉ። ክፍሉ በሽፋን ገንዳው ውስጥ ተይዞ የሚንጠለጠልበት ነጥብ ያለ ሽፋን ስለሚቀር፣ ያም ቦታ የማይታይና የማይሠራ ገጽ ላይ እንዲሆን ምልክት ያድርጉበት። ቀለማቸው መመሳሰል ያለበት ክፍሎች ካሉ ደግሞ ሁሉም ከአንድ ጥሬ ዕቃ ተቆርጠው በአንድ ዙር ይሸፈኑ።