ብስኩት ጆይነሩ አልገጥም ሲል

ብስኩት ጆይነር ጣውላ ከጣውላ ለማጋጠም የሚያገለግል የኤሌክትሪክ ማሽን ነው፤ ሥራውም ቀላል ነው። በሁለቱም ጣውላዎች ጠርዝ ላይ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይቆርጣል። ኮላ ቀብታችሁ ከተጨመቀ እንጨት የተሠራውን ጠፍጣፋ ሞላላ ቁራጭ፣ ማለትም ብስኩቱን፣ ትከታላችሁ። ብስኩቱ የኮላውን ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። (ከሻይ ጋር አይሄድም፤ ከልጆች አርቁት።) ሥራው ሲበላሽ ታዲያ ሁሉም የሚረግመው ማሽኑን ነው።

አንዱ ጣውላ ከሌላው ከፍ አለ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ነው። የማሽኑ ክብደት ወደ ኋላ ስለሆነ ትንሽ ካዘነበለ ቦዩም ያዘነብላል። ግራ እጃችሁ መደገፊያውን (ከማሽኑ ፊት ያለውን፣ ጣውላው ላይ የሚያርፈውን ጠፍጣፋ ክፍል) ጣውላው ላይ ይጫን፤ ቀኙ መግፋት ብቻ ነው። ሌላው ምክንያት የጣውላውን ፊት ማምታታት ነው። በሁለቱም የላይኛው ፊት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ መደገፊያው ሁልጊዜ እዚያ ይረፍ። ከዚያ ያለ ኮላ ገጥማችሁ ጥፍራችሁን መጋጠሚያው ላይ አሻግሩት። ጥፍር ከያዘው ኮላውን ክደኑት።

ብስኩቱ ቦዩ ውስጥ ይወዛወዛል። የሚሽከረከረው ምላጭ ሙሉ ፍጥነት ሳይይዝ ገፍታችኋል፤ ወይም ጣውላው ተንሸራቷል። ጣውላውን በክላምፕ (በመቆንጠጫ) እሰሩ። አብሩ፣ ድምፁ እስኪስተካከል ጠብቁ፣ በዝግታ ግፉ፣ ምላጩን አውጡ፣ ከዚያ አጥፉ። ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ግን ጤና ነው፤ ቦዩ ሆን ተብሎ ከብስኩቱ ይረዝማል።

ብስኩቱ አልገባም። ክረምት እርጥበት ጠጥቷል። መዶሻ አታንሱ። ለብ ያለ ቦታ አድርቁት፤ ሁልጊዜም ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ አኑሩት።

ቦዩ ጠቁሮ ይጨሳል። ምላጩ ደንዟል ወይም ከእንጨቱ የወጣ ሙጫ ይዟል። መጀመሪያ መሰኪያውን ንቀሉ፣ ከዚያ አጽዱ ወይም ቀይሩ።

ሲነጋ መጋጠሚያው ተላቀቀ። ይሄ የኛ የደብረ ብርሃን በሽታ ነው። አንድ ህዳር ላይ የጠረጴዛ ፊት ማታ ገጥሜ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተውኩት። ጠዋት ክላምፑን ስፈታ ቀጭ! ኮላው እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ሆኗል። ማሽኑን ስረግም ዋልኩ። ነገሩ ውርጩ ነበር፤ ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በወጉ አይይዝም። አሁን ጣውላውንም ኮላውንም ማታ ቤት አስገብቼ አሳድራለሁ። ቦዩን ጠዋት እቆርጣለሁ፣ ኮላውን ስድስት ሰዓት ላይ እቀባለሁ፣ ሲመሽ ከነክላምፑ ወደ ቤት። ባለቤቴ ታጉረመርማለች።

ከሳምንት በኋላ ፊቱ ላይ የብስኩት ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ወጣ። ቸኩላችሁ ልጋችኋል። በብስኩቱ ዙሪያ ያለው እንጨት ገና እንዳበጠ አስተካከላችሁት፤ ሲደርቅ ወረደ። ሁለት ሦስት ቀን ተዉት፤ በብርድ ወራት ደግሞ ጨምሩበት።