ባለ አንድ ትራንዚስተር የጊታር ፔዳል እቤት እንዴት ይሰራል?

ድሬዳዋ ሆኖ የጊታር ፔዳል ያማረው ሰው ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይጠብቃል። ፈዝ ለሚባለው፣ ድምፅን ሆን ብሎ ለሚያሻክረው ፔዳል ግን መጠበቅ አያስፈልግም። ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነው ማስትሮ ኤፍዜድ-1 በ1962 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ውስጡ ሦስት ትራንዚስተር ብቻ ነበር። እኛ በአንድ እንሰራለን።

የሚያስፈልጉት፦ 2ኤን3904 ትራንዚስተር (ኤምፒኤስኤ13 ከተገኘ ድምፁ ይበልጥ ይወፍራል)፣ 1ኤን4148 ዳዮድ፣ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ባለ 4.7 እና ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ባለ 100 ኪሎ ኦም ቮልዩም፣ ሁለት ጃክ፣ ማለትም የገመድ መሰኪያ (አንዱ ስቴሪዮ)፣ ስድስት እግር ያለው የእግር ማብሪያ፣ የ9 ቮልት ባትሪ። ታይዋን የሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ሄዳችሁ ሬዲዮ የሚጠግኑትን ጠይቁ። ሬዚስተርና ካፓሲተር ከተበላሸ ሬዲዮ ላይም ይነቀላል።

መጀመሪያ ሳትበይዱ፣ በመሞከሪያ ሰሌዳ ላይ ሰኩት። የትራንዚስተሩን ጠፍጣፋ ፊት ወደ እናንተ አዙሩ። ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። ቢሲ547 ከተጠቀማችሁ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

ኤሚተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኙ። ይህ መስመር ግራውንድ ነው። ሬዚስተሩን ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ኮሌክተር ዘርጉ። ዳዮዱን በኮሌክተርና በቤዝ መካከል አድርጉት፤ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ቤዝ ይሁን። ጊታሩ በ4.7ቱ ካፓሲተር በኩል ወደ ቤዝ ይግባ፣ ፖዘቲቩ እግር ቤዙ ላይ። ከኮሌክተር በ0.1ዱ በኩል ወደ ቮልዩሙ አንድ ዳር ውጡ። ሌላው ዳር ግራውንድ፣ መሃሉ መውጫ ነው። የሁለቱ ጃክ ግራውንድም እዚሁ ይያያዝ።

አምፑን (ድምፅ ማጉያውን) ዝቅ አድርጋችሁ ጊታሩን ምቱ። ድምፅ ከሌለ ኮሌክተሩን በመልቲሜትር ለኩት። ከ1 እስከ 2 ቮልት አካባቢ ካሳየ ጥሩ ነው። 9 ካሳየ ዳዮዱ ተገልብጧል ማለት ነው። ኖታው መጨረሻ ላይ ድንገት ቢቆረጥ አትደንግጡ፤ የዚህ ሰርኪት ጠባይ ነው፣ እኔም የምወድለት እሱን ነው። ድምፅ ማንሻ (ፒክአፕ) የተገጠመለት ክራር ካላችሁ በ4.7ቱ ቦታ ሌላ 0.1 ሞክሩ። ጎርናናው ይቀንስና ክሮቹ ጥርት ብለው ይሰማሉ።

ድምፁ ሲጥማችሁ በይዱት። በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር ግድ ነው፣ ግን ነፋሱ መበየጃ ካውያው ላይ እንዳያርፍ፤ ሊዱ (የሚቀልጠው መበየጃ ሽቦ) ሳይዝ ይቀዘቅዛል። ጭሱን ብቻ በጎን ይውሰድላችሁ። ትራንዚስተሩ ላይ ካውያውን ከሦስት ሰከንድ በላይ አታቆዩ።

ሳጥኑ ብረት ይሁን፣ ከግራውንድም ጋር ይነካካ። ፕላስቲክ እዝዝታ ያስገባል። ማብሪያው ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ሦስት እግር አለው። መሃለኞቹን አንዱን ከመግቢያ ጃክ፣ ሌላውን ከመውጫ ጃክ ጋር አያይዙ። የላይኞቹን ሁለቱን እርስ በርስ አገናኙ። ከታችኞቹ በመግቢያው ረድፍ ያለው ወደ ካፓሲተሩ፣ ሌላው ወደ ቮልዩሙ መሃል ይሂድ።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ከግራውንዱ ለይታችሁ በስቴሪዮው መግቢያ ጃክ መካከለኛ እግር ላይ በይዱት። ያኔ የጊታሩ ገመድ ሲሰካ ፔዳሉ ይበራል፣ ሲነቀል ይጠፋል። ስለዚህ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ገመዱን ንቀሉ፤ አለበለዚያ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ሲያልቅ ያድራል።