ደንገጎ ላይ የሚላላ ፍሬን፦ የአሮጌ መኪና የፍሬን ዘይት ችግርና መፍትሄ

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ለሚወርድ አሮጌ መኪና ትልቁ ፈተና ከደንገጎ በኋላ ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ከተማ ውስጥ ደህና ሲይዝ የዋለ ፍሬን እዚያ ላይ ድንገት እምቢ ሲል ብዙ ሰው ፖምፓውን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ክፍል) ይጠረጥራል። ከፖምፓው በፊት ዘይቱን ጠርጥሩ።

የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል። ክዳኑ ጠብቆ ቢዘጋ እንኳ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል ቀስ እያለ እርጥበት ይገባዋል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት፣ ደረጃውን የጠበቀ ከሆነ፣ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ስለሚጨመቅ የእግራችሁ ኃይል እሱን ሲጨምቅ ያልቃል እንጂ ጎማው ጋ አይደርስም።

ፔዳሉ ሲላላ

መቼ እንደሚላላ ለዩ፤ ምክንያቱ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ጠዋት ከመነሻው ስፖንጅ የመርገጥ ያህል ከለሰለሰ መስመሩ ውስጥ አየር አለ፤ አየሩን ማውጣት ነው። ሩቅ ወርዶ ግን ጠንከር ብሎ ከያዘ፣ ሁለተኛ ሲረገጥም ከፍ ካለ፣ የኋላው ሸራ (እየታሸ ጎማውን የሚያቆመው ክፍል) ከታምቡሮው (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ከበሮ መሰል ብረት) ርቋል። ያኔ ዘይቱን ሳትነኩ ሸራውን አስተካክሉ።

ቀዝቃዛ ሳለ ጠንካራ የነበረው ቁልቁለት ላይ ከላላ፣ ቆሞ ሲበርድ ደግሞ ከተመለሰ፣ ዘይቱ ፈልቷል። ይህኛው አታላይ ነው፤ መኪናው ጋራዥ ሲደርስ ፍሬኑ በርዶ ደህና ስለሚሆን «ምንም የለውም» ተብሎ ይመለሳል። መፍትሄው ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው። በላዩ አዲስ መጨመር አይረዳም፤ ውሃው ከታች፣ ጎማዎቹ አጠገብ እንዳለ ይቀራል። ቁልቁለቱ ላይ እያላችሁ ከገጠማችሁ ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቡ። የእጅ ፍሬን የሚሠራው በገመድ ስለሆነ የዘይቱ መፍላት አይነካውም። ከቆማችሁ በኋላ በጋለው ታምቡሮ ወይም ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለና የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ ግን የጋለው ሸራው ነው። ሁለቱንም የሚከላከለው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሶ መውረድ ነው።

ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ፔዳል ሌላ ነው። ውጭ ምንም የሚንጠባጠብ ከሌለና የዘይቱ መጠን ካልቀነሰ የፖምፓው የውስጥ ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግደው ላስቲክ) አልቋል። ጎሚኒው ይቀየራል፤ የፖምፓው ውስጥ በዝገት ተቦርቡሮ ከሆነ ግን አዲስ ጎሚኒም አይበረክትም፣ ፖምፓውን ቀይሩት።

ዘይቱ ሲጎድል

ሸራ ሲሳሳ ዘይቱ በጥቂቱ መውረዱ ያለ ነው። ቶሎ ቶሎ ከጎደለ የሚፈስበትን ፈልጉ፦ የጎማውን የውስጥ ጎን፣ የታምቡሮውን ጀርባ፣ ከፔዳሉ በላይ ያለውን ቦታ። የትም ካልታየ ወደ ሰርቮው (የእግርን ኃይል ወደሚያግዘው ክፍል) ውስጥ እየገባ ይሆናል፤ ሞተሩ ስለሚስበው ጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ያወጣል። ዘይት የነካው ሸራ ታጥቦ አይመለስም፣ ይጣላል።

ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ሲል

መኪናውን በክሪክ አንሱና ጎማውን በእጅ አዙሩ። አልዞር ካለ የዚያን ጎማ የአየር ማውጫ ብሎን ፍቱ። ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት ታምቆ ነበር፤ አልለቅ ካለ ፒስተኑ ዝጎ ተጣብቋል። ግፊት የታመቀው በአንድ ጎማ ብቻ ከሆነ ተጣጣፊው ቱቦ ከውስጥ አብጦ ተደፍኗል፤ ከውጭ ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል። ሁሉም ጎማ ከያዘ በፔዳሉ ዘንግና በፖምፓው መካከል ትንሽ ክፍተት መኖሩን እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ክፍተት ከሌለ በድሬ ሙቀት የተስፋፋው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው መመለሻ ያጣና ፍሬኑን ይይዘዋል።

የሞተር ዘይት ከተጨመረበት

በችኮላ የሚደረግ ከባድ ጥፋት ነው። የሞተር ዘይት ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ የማጠራቀሚያው ክዳን ጎማ አብጦ አልገጥም ካለ ምልክቱ እሱ ነው። ለማረጋገጥ ከማጠራቀሚያው ጥቂት ቀድታችሁ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አድርጉ፦ የፍሬን ዘይት ከውሃው ጋር ይደባለቃል፣ የሞተር ዘይት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከተንሳፈፈ ጎሚኒዎቹና የጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ ይቀየራሉ፣ የብረት ቱቦዎቹም ይታጠባሉ። አዲሱን ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በናፍታ አትጠቡ፤ በንጹህ የፍሬን ዘይት አርሱት።

መቀየሪያው መቼና እንዴት

በየ2 ዓመቱ ቀይሩ። መልኩን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ንጹህ የሚመስል ዘይት ውሃ ሊይዝ ይችላል። ለአንዲት ትንሽ መኪና 1 ሊትር ዶት 4 ይበቃል፤ ዶት 3 ለሚወስድ መኪናም ይሆናል። ዶት 5 ግን ሲልከን ስለሆነ አትቀላቅሉት። የታሸገውን ግዙ፣ በውሃ ጠርሙስ የተቀዳ አትግዙ።

እንደ ፔጆ 404 ባለ አሮጌ መኪና ላይ የአየር ማውጫው ብሎን ተቀርቅሮ ይጠብቃችኋል። ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ አጠጡትና ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ተጠቀሙ፤ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10 ቁጥር ነው። የማጠራቀሚያውን አሮጌ ዘይት በሲሪንጅ ቅዱና በአዲስ ሙሉት። የመኪናው መመሪያ ሌላ ካላለ ከፖምፓው ከራቀው ጎማ ጀምሩ። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፣ ሌላው ብሎኑን ፈትቶ ያፍስስ፣ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ይዝጋ። ከፔዳሉ ሥር እንጨት አድርጉ፤ አሮጌ ፖምፓ ጎሚኒው ሄዶበት የማያውቅ የዛገ ቦታ ስላለው እስከ ወለል ከተረገጠ ጎሚኒው ይቀደዳል። ጥርት ያለ ዘይት ያለ አረፋ እስኪወጣ ቀጥሉ፣ ማጠራቀሚያውም እንዳይደርቅ ተጠንቀቁ። ቀለም ላይ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ እጠቡ፣ ቀለም ይልጣል።

ሲያልቅ ሞተሩን አስነስታችሁ ፔዳሉን ለ30 ሰከንድ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ፈትሹ። ከዚያ ሜዳ መንገድ ላይ በዝግታ ሞክሩት፤ ደንገጎ በሚቀጥለው ቀን ይደረሳል።