«ኮኔክሽን አለቀ»፦ ብዙ ዳታቤዝ ላለው የዌብ አፕ ችግርና መፍትሄ

አፑ ሲንቀራፈፍና ሎጉ ላይ የኮኔክሽን ስህተት ሲደረደር፣ ብዙ ቡድን መጀመሪያ የሚነካው የፑሉን፣ ማለትም አፑ ከፍቶ በተራ የሚጠቀምባቸውን የዳታቤዝ ኮኔክሽኖች ስብስብ፣ ቁጥር ነው። 10 የነበረው 50 ይሆናል። ለጊዜው ጋብ ይላል። አፑ የሚያናግረው አንድ ዳታቤዝ ብቻ ከሆነ ይህ አንዳንዴ ያዋጣል። ሁለት፣ ሦስት፣ ሠላሳ ዳታቤዝ ካለ ግን ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈታም።

ስለዚህ ቁጥር ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። የሚያማርረው ማነው? ዳታቤዝ ሰርቨሩ ነው «ሞልቻለሁ» ያለው? ወይስ አፑ ውስጥ ያለው ፑል ነው «የምሰጠው የለኝም» ያለው? ሁለቱ ላይ ላዩን ይመሳሰላሉ። መፍትሄያቸው ግን ለየቅል ነው።

ሰርቨሩ ራሱ አልቀበልም ሲል

ምልክቱ ግልጽ ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ «ሶሪ፣ ቱ ሜኒ ክላይንትስ ኦልሬዲ» (ደንበኛ በዝቶብኛል) ይላል። ሌላው ዳታቤዝ፣ ማይኤስኪውኤል፣ 1040 የሚል የስህተት ቁጥር ይሰጣል።

ምክንያቱ ድምር ነው። ፖስትግሬስ ካልነካችሁት 100 ኮኔክሽን ይፈቅዳል፤ ከዚያ ውስጥ 3ቱ ለአስተዳዳሪ የተያዙ ናቸው። የማይኤስኪውኤል 151 ነው። እነዚህ ቁጥሮች የመላው ሰርቨር እንጂ የእያንዳንዱ ዳታቤዝ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ የፖስትግሬስ ኮኔክሽን አንዴ ከአንድ ዳታቤዝ ጋር ከተከፈተ ወደ ሌላው መዞር አይችልም። በአንድ ሰርቨር ላይ ለተቀመጡ ሦስት ዳታቤዞች ሦስት ፑል ያስፈልጋል፤ ሦስቱም የሚበሉት ግን ከአንድ ጣሪያ ነው።

እስቲ እናስላው። አፑ በ2 ማሽን ላይ ይሠራል እንበል። እያንዳንዱ ማሽን 4 ዎርከር ፕሮሰስ (ሪኩዌስት የሚያስተናግድ የአፑ ቅጂ) አለው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ለትዕዛዝ፣ ለደንበኛና ለሪፖርት ዳታቤዝ የየራሱን ፑል ይከፍታል። የእያንዳንዱ ፑል ጣሪያ 10 ነው። 2 በ4፣ በ3፣ በ10 ሲባዛ 240 ይመጣል። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ የሚታየው «10» ብቻ ስለሆነ 240ውን ልብ የሚል የለም። አዲስ ቨርዥን ስትለቁ ደግሞ አሮጌውና አዲሱ ለጥቂት ደቂቃ አብረው ይቆያሉ። ያኔ 480 ሊደርስ ይችላል። ስህተቱ ዲፕሎይ ሲደረግ ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

መፍትሄው ከሂሳቡ ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ሠንጠረዥ ሥሩ። ዌቡን፣ የጀርባ ሥራዎችን፣ በሰዓት የሚነሱ ስክሪፕቶችን፣ የሪፖርት ዳሽቦርዱን ሁሉ አስገቡ። ከዚያ እያንዳንዱ ፑል ሲገናኝ ስሙን እንዲናገር አድርጉ፤ ፖስትግሬስ ላይ «አፕሊኬሽን ኔም» የሚባለው ለዚህ ነው። ስሙ ካለ «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ» የተባለውን የፖስትግሬስ የኮኔክሽን ዝርዝር በዳታቤዝና በስም ከፋፍላችሁ ስትቆጥሩ ማን ስንት እንደያዘ ወዲያው ይታያል። ስሙ ከሌለ የምታዩት አንድ ዓይነት ተጠቃሚ ያለበት ረጅም ዝርዝር ብቻ ነው።

ቀጥሎ ፑሎቹን አሳንሱ። ዳታቤዙ በአንድ ጊዜ መሥራት የሚችለው ፕሮሰሰሩና ዲስኩ የፈቀዱለትን ያህል ነው። ሂካሪ የተባለው የጃቫ ፑል ሰነድ የሚያነሳው መነሻ ቀመር የኮር ብዛት ሲባዛ በ2፣ ሲደመር የዲስክ ብዛት ነው። 8 ኮርና አንድ ዲስክ ላለው ሰርቨር 17 ማለት ነው። እሱም ለሁሉም ፑሎች ድምር፣ በአንድ ጊዜ ለሚሠራ ኮኔክሽን። የሰርቨሩን ጣሪያ ከፍ ማድረግስ? ይቻላል፤ ግን ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ሙሉ ፕሮሰስ ያስነሳል፣ ሜሞሪውም በዚያው ልክ ይሄዳል። ለውጡም ያለ ሪስታርት አይሠራም።

ዎርከሮቹ ከበዙ ፒጂባውንሰር የተባለውን ኮኔክሽን አጋሪ ፕሮግራም በአፑና በፖስትግሬስ መሃል አስገቡ። በትራንዛክሽን ሞድ፣ ማለትም ኮኔክሽኑን ለአንድ ትራንዛክሽን (አብረው ለሚጸድቁ ወይም አብረው ለሚሰረዙ የዳታቤዝ ሥራዎች) ብቻ ሰጥቶ መልሶ ሲወስድ፣ ብዙ የአፕ ኮኔክሽኖችን በጥቂት የእውነተኛ ኮኔክሽኖች ያስተናግዳል። ግን ተጠንቀቁ፤ እሱም ፑል የሚከፍተው ለእያንዳንዱ የዳታቤዝና የተጠቃሚ ጥምር ነው። ካልነካችሁት የአንዱ መጠን 20 ነው። 30 ዳታቤዝ ካላችሁ 600 ሆነ፤ ከሸሻችሁት ችግር ጋር መልሳችሁ ተገናኛችሁ። በዚህ ሞድ የሴሽን (የአንድ ኮኔክሽን ሙሉ ቆይታ) ቅንብር፣ ማሳወቂያ የሚጠብቀው «ሊስን»ና የሴሽን መቆለፊያ እንደማይሠሩም አትርሱ።

ሰርቨሩ ሥራ ፈትቶ አፑ ሲጠብቅ

ዳታቤዙ ላይ ሲታይ ጭነት የለም። አፑ ግን ተገትሯል። ሂካሪ 30 ሰከንድ ጠብቆ «ኮኔክሽን ኢዝ ኖት አቬይላብል» ይላል። የፓይተኑ ላይብረሪ ኤስኪውኤልአልኬሚም እንዲሁ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ የሱ ፑል 5 ሲሆን 10 ትርፍ ይፈቅዳል። የኖድ (ጃቫስክሪፕት ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው) የፖስትግሬስ ላይብረሪ ካላዘዛችሁት በቀር ማብቂያ የለውም፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስህተት እንኳን አታዩም።

እዚህ ላይ ኮኔክሽኑን አንድ ሰው ይዞት ቆሟል። አንዳንዴ ኮዱ ስህተት ሲገጥመው ሳይመልሰው ይወጣል። እኔ ግን በጣም የሚጎዳው ሌላው ነው እላለሁ፤ ትራንዛክሽን ከፍቶ የውጭ ሥራ መሥራት። የትዕዛዝ ኮድን ውሰዱ። ትራንዛክሽን ይጀምራል፣ ትዕዛዙን ይመዘግባል፣ የክፍያ አገልግሎቱን ይጠራል፣ መልሱን ይጽፋል፣ ይዘጋል። የዳታቤዙ ሥራ 20 ሚሊሰከንድ ነው። የክፍያው መልስ 6 ሰከንድ ይፈጃል። ፑሉ 10 ከሆነ በደቂቃ ማስተናገድ የምትችሉት 100 ትዕዛዝ ነው። የክፍያውን ጥሪ ከትራንዛክሽኑ ብታወጡት ያው ፑል በሰከንድ 500 ያሳልፋል። አንድ ቁጥር ሳትነኩ ማለት ነው!

ይህን ለመያዝ ፖስትግሬስ ላይ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» (ትራንዛክሽን ከፍቶ ሥራ የፈታ) የሚል ሁኔታ ፈልጉ። ከበዛ ምርመራው አለቀ። ኮዱን ለሦስት ክፈሉት፦ «በመጠባበቅ ላይ» ብላችሁ መዝግባችሁ ዝጉ፣ ክፍያውን ጥሩ፣ ከዚያ በአዲስ ትራንዛክሽን ውጤቱን ጻፉ። መሃል ላይ ቢቋረጥ በመጠባበቅ ላይ የቀሩትን ትዕዛዞች የሚያጣራ የጀርባ ሥራ ጨምሩ። ሳይመለስ የሚቀረውን ለማግኘት የሂካሪን የሊክ መፈለጊያ አብሩ፤ ኮኔክሽኑን የወሰደውን መስመር ሎጉ ላይ ይጽፍላችኋል።

ጭነት ሲበዛ ሁሉም አንድ ላይ ሲቆም

ፕሮሰሰሩ ባዶ ነው፣ ኩዌሪ አይሄድም። 30 ሰከንድ ሲሞላ ስህተት ይዘንባል። ከዚያ ትንሽ ይሠራና እንደገና ይቆማል።

ይህ የብዙ ዳታቤዝ አፕ የራሱ በሽታ ነው። አንዱ ሪኩዌስት ከትዕዛዝ ፑል ኮኔክሽን ይዞ የደንበኛን ይጠብቃል። ሌላው የደንበኛን ይዞ የትዕዛዝን ይጠብቃል። ሁለቱም ፑሎች ሲያልቁ ማንም አይለቅም። ዳታቤዙ ዴድሎክ መኖሩን አያውቅም፤ መተናነቁ ያለው አፑ ውስጥ ነውና። አንድ ፑል ብቻ ቢሆንም ይደርሳል፤ ለምሳሌ ዋናው ትራንዛክሽን ሳይዘጋ የኦዲት መዝገቡ በሌላ ኮኔክሽን ሲጻፍ።

ከሁሉ የሚሻለው በአንድ ጊዜ ሁለት አለመያዝ ነው። ከአንዱ አንብቡ፣ መልሱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ። ካልሆነ ሁሉም ኮድ በአንድ ቅደም ተከተል ይውሰድ። ከአንድ ፑል ሁለት ለሚወስድ ኮድ ደግሞ የፑሉ ዝቅተኛ መጠን የትሬድ (በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን የሚሄድ የኮድ ሥራ) ብዛት ሲደመር 1 ነው። 8 ትሬድ ካለ 9። ከዚያ ካነሰ መተናነቁ ቀኑን ይጠብቃል እንጂ አይቀርም።

ጠዋት የመጀመሪያው ተጠቃሚ ስህተት ሲያይ

ማይኤስኪውኤል 28800 ሰከንድ፣ ማለትም 8 ሰዓት ሥራ የፈታን ኮኔክሽን ይዘጋል። የመጨረሻው ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ ተጠቅሞ ቀጣዩ ጠዋት 2 ሰዓት ከመጣ 10 ሰዓት አልፏል። ፑሉ ግን ኮኔክሽኑ በሕይወት ያለ ይመስለዋል። ክላውድ ላይ ደግሞ ጊዜው በጣም ያጥራል፤ ከውስጥ ኔትወርክ ወደ ውጭ የሚያስተላልፈው የአማዞን ናት ጌትዌይ 350 ሰከንድ ዝም ያለን ኮኔክሽን ይቆርጣል።

የሚጎዳው ጸጥ ያለው ዳታቤዝ ነው። የትዕዛዙ ሁሌ ስለሚነካ ደህና ነው፤ በቀን ሁለቴ የሚጠራው የሪፖርቱ ይሞታል። ስለዚህ ቅንብሩን ለየፑሉ ለዩ። ኮኔክሽኑ ፑል ውስጥ የሚቆይበትን ዕድሜ፣ የሚቆርጠው ወገን ከሚጠብቀው ጊዜ ያነሰ አድርጉት፣ ወይም ፑሉ ኮኔክሽኑን ከመስጠቱ በፊት እንዲፈትሽ አድርጉ፤ ኤስኪውኤልአልኬሚ ላይ «ፑል ፕሪ ፒንግ» ነው።

አንዱ ዳታቤዝ ሲወድቅ ሁሉም ሲወድቅ

የሪፖርት ዳታቤዙ ቆመ። ትዕዛዝም አብሮ ቆመ። ለምን? ሪፖርት የጠየቁ ሪኩዌስቶች እያንዳንዳቸው 30 ሰከንድ ሲጠብቁ የዌብ ትሬዶቹን ጨረሷቸው። ግድ ላልሆነ ዳታቤዝ የመጠበቂያ ጊዜውን ወደ 2 ሰከንድ አውርዱና ገጹ ያለ ሪፖርቱ ይከፈት። አፑ ደህና መሆኑን የሚጠይቀውን የጤና ፍተሻችሁንም እዩት። ሁሉንም ዳታቤዞች የሚጠይቅ ከሆነ፣ አንዱ በወደቀ ቁጥር ሪኩዌስቶችን ለማሽኖቹ የሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰር ደህና የሆኑትን ማሽኖች ሁሉ ከሥራ ያወጣቸዋል። ፍተሻው አፑ ያለሱ መኖር የማይችለውን ዳታቤዝ ብቻ ይጠይቅ፤ የሌሎቹ ሁኔታ በማንቂያ በኩል ይምጣ።