ፖዶ (ዝሆኔ እግር) ያለበትን ሰው ቤት ውስጥ በየቀኑ እንዴት እንንከባከብ፣ ጎጃም ላይ በጥናት የተሞከረው ዘዴ

ቤታችሁ ውስጥ ወይ ሰፈራችሁ ውስጥ እግራቸው ያበጠ እናት ወይ አባት ካሉ ይሄን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ራሳቸው ማንበብ ካልቻሉ ደግሞ አንብቡላቸው።

መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ። ደጋና ወይናደጋ ላይ፣ ቀይ አፈር ባለበት ዝናብም በደንብ በሚጥልበት አገር፣ ለብዙ ዓመት በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው ከእግሩ መዳፍና ከጣቶቹ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ጉልበት የሚወጣ እብጠት ካለው አብዛኛውን ጊዜ ፖዶኮኒዮሲስ ነው፣ ባጭሩ ፖዶ ይባላል፣ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ከቀይ አፈሩ የሚመጡ በጣም ደቃቅ ነገሮች በቆዳ በኩል ይገቡና ውስጥ ያለውን የሊምፍ መስመር (ትርፍ ፈሳሽ ከእግር የሚወስደውን ቧንቧ) ያስቆጡታል፣ መስመሩ ሲጠብ ፈሳሹ መሄጃ ያጣል፣ እግር ያብጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው ነገሩን ከአፈር ጋር አያይዞ ያጠናው፣ ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው። ዛሬ አገራችን ውስጥ 1.5 ሚሊዮን አካባቢ ሰው እንዳለበት ይገመታል፣ ይሄ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ተላላፊ አይደለም። እባካችሁ ይሄን ደጋግማችሁ ለሰው ንገሩ፣ አብሮ መብላት አብሮ መተኛት ምንም አያመጣም፣ እርግማንም አይደለም። "ታዲያ ለምን ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ይይዛል" የሚል ካለ መልስ አለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እነ ፋሲል ተኮላ አየለ ባወጡት የዘረመል ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር የሚቆጣ ሰውነት እንዳለው ታይቷል፣ ማለት የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፣ አፈሩ ካልነካው ግን በሽታው አይመጣም። ስለዚህ አባትየው ፖዶ ካለበት ልጆቹ ከማንም በፊት ጫማ ማድረግ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ጥናቱ፣ ምክንያቱም "በሳሙና መታጠብ ደግሞ ምን ሕክምና ነው" ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ፖዶ ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፣ ግማሾቹ ወዲያው እንክብካቤውን ጀመሩ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከ12 ወር በኋላ እንዲጀምሩ ሆነ፣ ማንም ሳይታከም አልቀረም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። የቆጠሩት ዋናው ነገር እብጠቱን ሳይሆን ያን ድንገት የሚነሳውን ትኩሳትና ሕመም ነው፣ እግር ሲግል፣ ሲቀላ፣ ብሽሽት ሲያብጥ፣ ሰው ሲንቀጠቀጥ። ቶሎ የጀመሩት አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሳበት ያልጀመሩት 23.9 ጊዜ ተነሳባቸው። ቁጥሩን ስታዩት ልዩነቱ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል፣ እኔ ግን ትንሽ አልለውም፣ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ከአልጋ መዳን ነው፣ በእርሻ ወቅት ለቀናት ከሥራ የሚያስቀር ሕመም ነው እኮ የምናወራው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፣ ስለዚህ "በሳምንት ይድናል" የሚላችሁን አትመኑ። ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ የመድኃኒት ጥናት ላይ አንዳንዴ ማን እውነተኛውን እንደወሰደ ይደበቃል፣ እዚህ ግን ማን እየታጠበ እንደሆነ መደበቅ አይቻልም፣ ያም ሆኖ በዕጣ መከፈላቸው ውጤቱን በደንብ የሚታመን ያደርገዋል።

ሥራው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አስመርምሩ። እብጠት ሁሉ ፖዶ አይደለም፣ ቆላ ላይ በትንኝ የሚተላለፈው ሌላው ዝሆኔ አለ፣ እግር ላይ ስሜት የሚያጠፋ የሥጋ ደዌ አለ፣ የልብና የኩላሊት እብጠትም አለ፣ የየአንዳንዱ ሕክምና ለየብቻ ነው።

እሺ ፖዶ ነው ከተባለ፣ በየቀኑ የሚሠራው ይሄ ነው። ንጹሕ ውሃ፣ ሳፋ፣ የገላ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ አዘጋጁ። ውሃው ቀዝቃዛ ወይ ለብ ያለ ይሁን፣ ፍል ውሃ አይሁን፣ እብጠቱን ያባብሰዋል። ከጉልበት በታች ያለውን በሙሉ በሳሙና እጠቡ፣ ግን ዋናው ቦታ የቆዳው እጥፋትና የጣት መሀል ነው፣ ብዙ ሰው ላዩን አጥቦ ያንን ይተወዋል፣ ሽታውም ሕመሙም የሚነሳው ከዚያ ነው፣ ስለዚህ ጨርቁን በየእጥፋቱ በቀስታ እያስገባችሁ አጥሩ፣ አትፈትጉ፣ የተላጠ ቆዳ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቁ። ከዚያ እግሩን የሚዘፈዝፉበት ጊዜ አለ፣ ባለሙያው በረኪና ትንሽ ጠብ አድርጉ ካለ እሱ ባለው ልክ ብቻ፣ "ሲበዛ ይገድልልኛል" ብሎ የጨመረ ሰው ቆዳውን ያቃጥላል።

መዘፍዘፉ ላይ አንድ ጥሩ ጥናት አለ። ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው፣ የድሮውን አሠራር እንዳለ ለአንዱ ወገን ትተው ለሌላው የውሃውን መጠን ቀንሰው 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨመሩበት፣ ከዚያ ቆዳው እርጥበቱን ምን ያህል እንደሚይዝ በመሣሪያ ለኩ። ሁለቱም ተሻላቸው፣ ግሊሰሪን የተጨመረላቸው ግን የበለጠ። ይሄ ለኛ አገር ትልቅ ነገር ነው፣ ውሃ ከሩቅ ወንዝ በጀሪካን ለምታመጣ እናት ውሃ መቀነሱ ራሱ ሕክምናውን እንዳታቋርጥ ያደርጋታል። 2 በመቶ ማለት በ1 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፣ ፋርማሲ ስትገዙ ንጹሕ ግሊሰሪን መሆኑን ጠይቁ፣ ሽቶ የገባበት የውበት ቅባት አይደለም።

ከታጠበ በኋላ ማድረቅ። በንጹሕ ፎጣ እየነካኩ፣ የጣት መሀል በቀጭን ጨርቅ። እርጥብ ሆኖ ከቀረ ፈንገስ ይወጣበታል፣ ከወጣበት ጤና ጣቢያ የሚታዘዘውን የፈንገስ ቅባት በታዘዘው ቀን ልክ ተጠቀሙ። ለሌላው ቆዳ ቫዝሊን ይበቃል፣ ስንጥቁን ያለሰልሰዋል፣ የጣት መሀል ግን አትቀቡ። ከፋርማሲ ያለትዕዛዝ የሚገዛ ስቴሮይድ ያለበት "የሚያነጣ" ቅባት በፍጹም አይነካ፣ ቆዳውን ያሳሳል።

ፋሻ። ይሄን ከባለሙያ እያያችሁ ተማሩ፣ ከጽሑፍ ብቻ አይሞከርም። ጠዋት፣ እብጠቱ ቀነስ ባለበት ሰዓት፣ ከእግር ጣት ሥር ተጀምሮ ወደ ላይ እስከ ጉልበት በታች ይጠቀለላል፣ ታች ጠበቅ ላይ ላላ። ጣት ከጠቆረ ወይ ከደነዘዘ ወዲያው ይፈታ። ቁስል ወይ ትኩሳት ካለ ወይ ሰውየው የልብ ወይ የደም ሥር ችግር ካለበት ባለሙያ ሳያይ ፋሻ የለም። ከዚያ እንቅስቃሴው ቀላል ነው፣ ቁጭ ብሎ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይ ወደ ታች ማድረግና ማዞር፣ ተረከዝን ማንሳት፣ ቡና ሲፈላ ቁጭ ብላ እንኳን ልታደርገው ትችላለች። ማታ ስትተኛ እግር ከፍ ይበል፣ ፍራሹ ሥር የተጣጠፈ ጋቢ ቢገባ ይበቃል፣ ቀን ስትቀመጥም በርጩማ ላይ ትዘርጋ።

ሕመሙ ሲነሳ ግን አሠራሩ ይለወጣል። ፋሻው ይፈታል፣ እንቅስቃሴው ይቆማል፣ ሰውየው ይተኛል፣ እግር ከፍ ይላል፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ይደረጋል፣ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል። አንዳንዱ ምች መታኝ ብሎ ዳማከሴ አሽቶ ቤት ይቀመጣል፣ ሌላው ደግሞ እብጠቱን በምላጭ ይበጣል፣ መብጣት ግን እግሩን ለከባድ ኢንፌክሽን የሚያጋልጥ ስለሆነ ተማፅኜ እላችኋለሁ እንዳታስደርጉ። ትኩሳቱ ካልወረደ፣ መግል ከታየ፣ ሰውየው ከቃዠ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም፣ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልግ ይችላል።

ጫማ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በረባሶ ወይ ነጠላ ጫማ አፈሩን አያስቀርም፣ ክፍት ነው። የተዘጋ ጫማ ከካልሲ ጋር፣ በየቀኑ፣ እርሻም ላይ ቤትም ውስጥ ወለሉ አፈር ከሆነ። ካልሲው ቢያንስ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲኖር። ጫማው የሚጠብ ከሆነ ቆዳውን ልጦ ሌላ ቁስል ያመጣል፣ እግሩ በጣም ካበጠ በልኩ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፣ ወላይታ ላይ ለረጅም ዓመት ይሄን ሲሠራ የቆየ የሞሲ ፉት ማኅበር አለ፣ በናንተ አካባቢ ማን እንዳለ ጤና ኤክስቴንሽኗን ጠይቁ። ቆዳው ላይ ጓጉለው የወጡ እባጮች ጫማ አላስገባ ካሉ እነሱን ብቻ በቀዶ ሕክምና ማንሳት ይቻላል፣ ሆስፒታል ሪፈር አስጽፉ፣ ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላም መታጠቡና ጫማው ከቆመ ተመልሶ ያብጣል፣ ስለዚህ ቀጠሮውን ከመያዛችሁ በፊት የዕለት እንክብካቤውን አስለምዷቸው።